የእትዬ ቁልፍ ፊርማ

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አለች። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። የበሽተኛ ጋውን ትሰፋለች፣ አንሶላ ትዘመዝማለች፣ የሐኪሞቹ ሱሪ ሲቀደድ ትጥፋለች፤ ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ግን የአራስ ሕፃን ሸሚዝ መስፋት ነው። እውነተኛ ስሟን ከሠራተኛ መዝገብ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ዶክተሩም ዘበኛውም እትዬ ቁልፍ ይሏታል።

እንዲህ የተባለችው የልብስ ቁልፍ ስለምትወድ አይደለም፤ ስለምትጠላ ነው። በሥራዋ ሦስተኛ ዓመት ላይ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የሕፃናቱ ሸሚዝ ቁልፍ ይተከልበት ብሎ አዘዘ። እሷ ደግሞ ቁልፍ ይበጠሳል፣ የተበጠሰ ቁልፍ ሕፃን አፍ ውስጥ ይገባል፣ እኔ በእጄ የሰፋሁት ልብስ ልጅ አያንቅም ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ክርክሩ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ በስስ ማሰሪያ የሚታሰር ሸሚዝ ተፈቀደ፤ ሰውዬውም የተሸነፈበትን ቂም ለመወጣት ይህን ስም አወጣላት። ተለጥፎ ቀረ። እሷም አልከፋትም፤ ስልክ ስታነሳ ራሷ "ቁልፍ ነኝ" ትላለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችው ባሏ በሞተ በስምንተኛው ወር ነበር። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አንድ ማለዳ እንደወጣ ቀረ። የአራት ዓመት ሴት ልጅ ጥሎባት ሄደ። ልጅቷን የምታስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበራትምና ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በአሮጌ አንሶላ መኝታ አበጀችላት። ልጅቷ የስፌት መኪናውን ድምፅ እየሰማች ተኛች፣ በባዶ የክር ማጠንጠኛ መቁጠር ተማረች፣ አጣቢዎቹ ሴቶች በየተራ እያጠቡና እያበጠሩ አሳደጓት። "ይቺስ በሳሙና ያደገች ልጅ ናት" ይሉ ነበር። አድጋ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆነች፤ አንድ ዝምተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገባች። ስድስት ዓመት ግን ልጅ አልመጣም። እናትና ልጅ ስለዚህ ነገር አያነሱም ነበር። እትዬ ቁልፍ ብቻ የእያንዳንዱን ሸሚዝ ክር በጥርሷ በጥሳ ስትጨርስ፣ ይህን የኔ የልጅ ልጅ በለበሰችው ብላ ሳትመኝ አታጥፈውም።

ለአራስ ልብስ አዲስ ጨርቅ አትነካም። አዲስ ጨርቅ ገላ ይፍቃል ትላለች። መቶ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ አንሶላ መርጣ፣ መሃሉ ስለሚሳሳ ትታው፣ ከዳር ከዳሩ ታወጣለች። ከካርቶን የተቆረጡ ሦስት ልኮች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ። ትንሹ ቀናቸው ሳይደርስ ለሚወለዱት ወይም ታመው ለሚወለዱት ነው፤ ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም።

ነገሩ የመጣው በሥራዋ ሃያ አራተኛ ዓመት ላይ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ፣ በሆድ ያለው ልጅ ቢወለድም መኖር እንደማይችል ሁለት ሐኪሞች ካረጋገጡ፣ እናትየው ከፈለገች እርግዝናው ይቋረጥላት ነበር። ይህ አንቀጽ ይውጣ የሚሉ ሰዎች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አነጋገሯ ማር የሆነ ሴት ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ወረቀቷን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። አፍ የሌላቸውን ሕፃናት ከሞት ለማዳን ነው አለች። ስለ ሁለቱ ሐኪሞችም፣ መኖር ስለማይችሉት ልጆችም አላነሳችም። ወረቀቱ ላይ ግን ተጽፏል።

እትዬ ቁልፍ ማንበብ አታውቅም እንዳይባል አሳምራ ታውቃለች። ያላነበበችው መነጽሯ የስፌት መኪናው ላይ ስለቀረ ነው። ከቆመችበት እስከ መኪናው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሰው ሦስት እርምጃ ሰንፎ ዕድሜ ልኩን የሚንገበገብበትን ነገር ይሠራል። "ለሕፃን ከሆነማ ሁለት ጊዜ እፈርማለሁ" ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች፤ በባዶው ቅጽ የመጀመሪያ መስመር ላይም ስሟን ጻፈች። በዚህ ቢበቃት ጥሩ ነበር። አራቱን አጣቢዎች እየጎተተች አስፈረመች። ካውያ ቤት ያለው ሰውዬ እስቲ ሚስቴን ላማክር ቢል፣ ለሕፃን ለመራራትም ፈቃድ ትጠይቃለህ እንዴ ብላ በሰው ፊት አሳፈረችው። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

አንቀጹን የሚያስወጣው ሕግ በዓመቱ ጸደቀ። በሬዲዮ ሲነገር ምድር ቤቱ አጨበጨበ፣ ወዲያው ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ነገሩም ተረሳ።

ከስምንት ወር በኋላ ትንንሾቹ ሸሚዞች መጥፋት ጀመሩ። በሆስፒታሉ ደንቡ ቀላል ነው፤ ወደ ላይ የወጣ ልብስ ሁሉ ቆሽሾ ይወርዳል፣ ታጥቦ ይተኮሳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ትልልቆቹ እንደ ወትሮው ይመላለሳሉ። ትንሹ ልክ ግን ይወጣል እንጂ አይወርድም። በፊት በወር አንድ ወይ ሁለት ቢቀር ነበር፤ አሁን አንዱን ትእዛዝ ሳትጨርስ ሌላ ይመጣባታል። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሌባ ገብቷል ብሎ ማስወራት ሲጀምር ደሟ ፈላ። የአራስ ልብስ የሚሰርቅ ሰው ዓይኑን ሳላይ አልውልም ብላ ደረጃውን ወጥታ ማዋለጃ ክፍል ገባች።

የማዋለጃው ኃላፊ፣ ሲስተሯ፣ በሥራ አብራት ያረጀች ሴት ናት። ሸሚዞቹን የት አደረሳችሁ ብትላት፣ ሰው ፊት አልመለሰችላትም። እጇን ይዛ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

"ማንም አልሰረቀም እትዬ ቁልፍ። ለብሰዋቸው ሄደው ነው።"

"የት ሄደው?"

"የት ይሆናል? ወደ መቃብር ነዋ።"

ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳቻት። መኖር የማይችል ጽንስ ድሮም በአራተኛው በአምስተኛው ወር ይታወቃል። ልውለደው፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ልየው ያለች እናት ያኔም ትወልድ ነበር፤ አልችልም ያለች ደግሞ ትገላገል ነበር። አሁን የሚጠይቃት የለም። ሐኪሙ እያወቀ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ልጁ ይወለዳል፤ አንዱ ሰዓት፣ አንዱ ቀን፣ አንዱ ሳምንት አየር እየለመነ ይቆይና ያልፋል። ለእነዚያ እናቶች ልብሱን መልሱ ማለት ለሲስተሯ ሞት መሰላት፤ ስለዚህ ሸሚዙ አብሮ ይቀበራል። "ለሕፃናት የወጣ ሕግ ነው ይሉናል፣ እኔ በሥራ ዘመኔ የዘንድሮን ያህል ሕፃን ገንዤ አላውቅም" አለቻት።

እትዬ ቁልፍ የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች። ፊርማው ትዝ አላት። አንድ ስም ምን ያመጣል፣ እኔ ባልፈርምስ ሕጉ ይቀር ነበር ወይ ብላ ራሷን አጽናናች። ማጽናኛው እስከ ወንበሯ እንኳ አላደረሳትም። ያም ሆኖ ሐዘኑ የሰው ነበር፤ የሰው ሐዘን ደግሞ ያስለቅሳል እንጂ እንቅልፍ አይነሳም።

በዚያው ሰሞን ልጇ አረገዘች። እትዬ ቁልፍ እግሯ መሬት አልነካ አለ። ካውያ ቤት ላለው ሰውዬ፣ ለዘበኛው፣ ፎቅ ለሚወለውሉት ሁሉ ነገረች። አጣቢዎቹ በሳሙና ያደገችው ልጅ በሳሙና የሚያድግ ልጅ ልታመጣ ነው ብለው ሳቁባት። በአምስተኛው ወር ልጇ ከባሏ ጋር መጥታ በአልትራሳውንድ ታየች። ወጣቱ ሐኪም ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወንበሩን አዞረና፣ ሴት ናት፣ ልቧም ደህና ይመታል፣ የራስ ቅሏ ግን አልተሠራም አላቸው። ማህፀን ውስጥ እስካለች ትኖራለች፤ ከወጣች በኋላ ከሰዓታት አታልፍም። ምን ይደረግ ብትለው፣ ሕጉ ሳይወጣ ቢሆን የምመልስልሽ ነበረኝ አለና ጣቶቹን አየ። ሌላ አገር ሄደው የሚገላገሉ አሉ ይባላል፤ ለአንድ አስተማሪና ለአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን ያ የሩቅ ወሬ ነው።

እንግዲህ አራት ወር ቀራት። ሞት በቀጠሮ ሲመጣ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሆዷ ገፋ፤ ልጅቷ ትራገጣለች፤ ስትራገጥ እናትየው ክፍል ውስጥ ጠመኔዋን እንደያዘች ትቆማለች። ተማሪዎቿ ሕፃኑን መቼ ይዘሽልን ትመጫለሽ እያሉ ይጠይቋታል፤ አንዷ ተማሪ እንዲያውም አልጋ ሥላ ሰጠቻት። አውቶቡስ ላይ የማታውቀው ሰው ሁሉ ተነስቶ ያስቀምጣታል፣ በሰላም ተገላገይ ይላታል፣ ወንድ ነው ሴት ብሎ ይጠይቃታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሴት ናት ብላ ታልፍ ነበር። በኋላ በእግሯ መሄድ ጀመረች።

እትዬ ቁልፍ በየቅዳሜው እነሱ ቤት ትውላለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በትንሿ ክፍል ለልጅ ተብሎ የተቀባው ቢጫ ቀለም ግማሹ ላይ ቆሟል። አንድ ቅዳሜ ልጇ ጋዜጣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሕጉን የደገፉት ሰዎች ቁጥር ተጽፎበታል፤ ብዙ ሺህ ነው።

"እነማን ይሆኑ ግን?" አለች፤ ማንንም ሳታይ። "እኔን የሚያውቀኝ ሰው ይኖርበት ይሆን?"

አማቿ መጥቶ ከሚስቱ ጀርባ ቆመና፣ ከፈረሙት አንዱን ባገኝ አልጣላውም፣ አንድ ቀን ብቻ ይቺን ተከትለህ ዋል እለው ነበር አለ። ያን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። እትዬ ቁልፍ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ አጥባ የደረደረቻቸውን እንደገና አወረደችና አጠበች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ራቃት። ልንገራት ትላለች፤ ነግሬ ደግሞ በዚህ ላይ እናት አልባ ላድርጋት ወይ ትላለች። ዝም ብላ ከጎኗ ብትሆን የሚሻል ይመስላታል፤ ከጎኗ ስትሆን ግን ልጇ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል ባደረገች ቁጥር ትከሻው የሷ እንዳልሆነ ይሰማታል። ሲስተሯን ብቻ አማከረቻት። ሲስተሯም፣ እኔ ብሆን ባልሰማ እመርጣለሁ፣ ልጅሽን ግን አንቺ ታውቂያታለሽ አለቻት።

በስምንተኛው ወር ልጇ ሸሚዝ ስፊልኝ አለቻት። የሆስፒታሉን ሳይሆን፣ ለሷ ብቻ የተሰፋ። እትዬ ቁልፍ ከቤቷ የራሷን አንሶላ አመጣች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ የተኙበት ነው። ሸሚዙንም ኮፍያውንም ሠራች። ለኮፍያው ልክ ስላልነበራት ሲስተሯን ጠይቃ፣ ሲስተሯ በጣቷ እያሳየቻት፣ ሦስት ጊዜ ሰፍታ ሦስት ጊዜ ፈታችው። ብዙ እንባ አፈሰሰችበት። ሥራው ግን ከሠራችው ሁሉ ያማረ ሆነ። ቅዳሜ በወረቀት ጠቅልላ ወሰደችላት።

ልጇ ሸሚዙን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። ጣቷ እጅጌው ጫፍ ላይ ቆመ።

"እማ፣ ይኼ እጥፋት ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"እጅጌው ላይ። ታችም አለ።"

እትዬ ቁልፍ ቀና ብላ አየችና ክው አለች። ጎበዝ ሰፊ ለልጅ ሲሰፋ ከጫፉ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ ልጁ ሲያድግ ክሩ ይፈታና ልብሱ ይረዝማል። ከሙሽርነቷ ጀምሮ እንዲህ ስትሰፋ ኖራለች። ለዚችም ልጅ፣ ከሰዓታት አታልፍም ለተባለችው፣ እጇ ሳያማክራት የአንድ ዓመት ማደጊያ አጥፎላት ነበር።

"ማደጊያ ነው" አለች። "እጄ ነው ልጄ። እጄ ለምዶ ነው።"

ልጇ አላለቀሰችም። እጥፋቱን በመዳፏ ሸፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ የእናቷን እጅ ሳብ አድርጋ ሳመችው።

ይህች መሳም ናት የገደለቻት። ብትጮህባት፣ ብትቆጣት ኖሮ ምስጢሩን ይዛ ትኖር ነበር። የተሳመው እጅ ግን የፈረመው እጅ ነበርና ከዚያ በላይ መቆየት አልቻለችም። ሁሉንም ነገረቻት፤ የሴትዮዋን አነጋገር፣ የቀረውን መነጽር፣ የመጀመሪያውን መስመር፣ አጣቢዎቹን፣ ካውያ ቤት ያለውን ሰውዬ። ስለሕፃናት ነው ስትለኝ አመንኳት አለች። አላነበብኩትም አለች።

ልጇ እስክትጨርስ ሰማቻት። እጇን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

"አታነቢም እማ?" አለች። "እኔን ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ቀጥላም፣ አሁን ሂጂልኝ፣ ስወልድም እንዳትመጪ አለቻት። አማቿ በሩን ከፈተላት፤ እስከ ደረጃው መሸኘት ልማዱ ነበር፣ አልሸኛትም።

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ልጇ ለምርመራ ወደ ሆስፒታሉ ትመጣለች፤ እናቷ ከሁለት ፎቅ በታች ተቀምጣ ትሰፋለች። መጥታለች ሲሏት የመኪናውን ፔዳል ትለቅና ጣሪያውን ታያለች። ሄደች ሲሏት ትቀጥላለች። አጣቢዎቹ ነገሩን ያውቁታል፤ እነሱም ፈርመዋልና ዓይን ለዓይን መተያየት አቁመዋል። ምድር ቤቱ ውስጥ ሳቅ ጠፋ።

በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ሲስተሯ ደወለች። ተወልዳለች፣ ትተነፍሳለች አለችና ስልኩን ዘጋች። እትዬ ቁልፍ ተነሳች፤ እንዳትመጪ መባሏ ትዝ አላትና ተመልሳ ተቀመጠች። መርፌው ላይ የነበረው አንሶላ እንደተወጋ ቀረ። የግድግዳው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቆጠረ። አንዷ አጣቢ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ የወደቀ መቀስ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት።

በሩ ላይ አማቿ ታየ። ደረጃውን ሮጦ ስለወረደ ያለከልካል።

"ይምጡ ብላለች" አለ። እንደ ወትሮው እማማ አላላትም።

ሊፍቱ በሽተኛ ጭኖ ነበርና በደረጃ ወጡ። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ያን ቀን ጉልበት እንዳላት አላወቀችም። ማዋለጃው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ፣ የሌሎች ሕፃናት ልቅሶ እንዳይሰማ ተብሎ ለእንዲህ ያሉ እናቶች የተለየች አንዲት ክፍል አለች። እዚያ አስገባት።

ልጇ ትራስ ተደግፋለች፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት። ኮፍያው እስከ ቅንድቧ ወርዷል። ከቅንድቧ በታች ያለው ሁሉ ሙሉ ነው። አፍንጫዋ የአባቷ ነው፤ ከንፈሯ ግን ቁርጥ የዚያ አንድ ማለዳ እንደወጣ የቀረው ሰውዬ ነው። እትዬ ቁልፍ ይህን ስታይ አልጋው ብረት ላይ ተደገፈች።

"ያዣት" አለች ልጇ።

እናትየው እጇን ዘረጋች፣ ግን አልደፈረችም።

"የፈረምሽላት ልጅ እሷ ናት። ያዣት እንጂ።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ይቀል ነበር። ሕፃኗን አሳቀፈቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አማቿ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ።

ትሞቃለች። ክብደቷ የአንድ የተጣጠፈ አንሶላ ያህል ነው። አንዴ ትተነፍሳለች፣ ብዙ ትቆያለች፣ እንደገና ትተነፍሳለች። እትዬ ቁልፍ አውራ ጣቷን ብትሰጣት ያዘቻት፤ እውነተኛ አያያዝ ነው፣ ጠበቅ ያለ። ይቅር በይኝ ልትላት ፈለገች፤ ለማን እንደምትለው ግን ግራ ገባት።

"አለች?" አለች ልጇ ከግድግዳው ጋር ሆና።

"አለች።"

ጥቂት ቆይታ ደግማ ጠየቀቻት፤ አለች አለቻት። እንዲህ አራት ጊዜ ሆነ። ከአራተኛው በኋላ ጣቷን የያዘው እጅ እየላላ ሄደ፤ ከንፈሯ ላይ ሰማያዊ ነገር ዞረ። እትዬ ቁልፍ ጉንጯን ወደ ትንሿ አፍ አስጠጋችና ጠበቀች። አንድ ትንፋሽ መጣ። ሌላ ጠበቀች። እየጠበቀች ሳለ ልጇ ተናገረች።

"አለች?"

አለች ብትላት ልጇ ጥቂት ደቂቃ እናት ሆና ትቆይ ነበር፤ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ከዚች ልጅ የደበቀችው ይበቃታል።

"የለችም ልጄ። አሁን ሄደች።"

ልጇ ከግድግዳው ዞረች። ክንዶቿን ዘረጋች፤ ወደ እናቷ ሳይሆን ወደ ሕፃኗ። እትዬ ቁልፍ ሰጠቻት፤ ኮፍያው እንዳይወልቅ በመዳፏ ደግፋ ነው የሰጠቻት። ከዚያ እጆቿ የሚይዙት አጡ። ልጇ ውጪም ተቀመጪም አላለቻትም። አልጋው አጠገብ እንደቆመች ቆየች።